ከካስተም ገበያ እስከ ራባት ሜዳ፦ የአፍሪካ እኅቶቻችን ዋንጫ

ጁባን የረገጠ የሠራዊታችን አባል ሁሉ ካስተምን ያውቃል። ስሙን ከጉምሩክ የወረሰው ይህ ሠፈር ዛሬ የሚታወቀው በቀረጥ ሳይሆን በገበያውና በመናኸሪያው ነው። ሚኒባሱ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌትና ባለሦስት እግሩ ራክሻ ከየአቅጣጫው ተንጋግተው የሚገናኙት እዚያ ነው። የጁባ ዓረብኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲደባለቁ ይሰማል፤ ጆሮውን ቀና ያደረገ ሰው ግን በመካከሉ አማርኛና ትግርኛ አያጣም። ቡና የሚያፈሉ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልብስና የቤት ዕቃ የሚነግዱ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ ኑሮ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የኢትዮጵያ ሻለቆች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር በደቡብ ሱዳን ሰላም ለማስከበር በተሰማሩባቸው ዓመታት የአገሩን ሽታ የናፈቀ ወታደር ፈቃድ ባገኘ ጊዜ እግሩ የሚመራው ወደዚያው ነበር።

በካስተም ኳስ የሚቀርበው ከቡና ጋር ነው። ጀነሬተር ያለው ቤት ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ ያወጣል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራል፣ የእንግሊዝ ክለቦች የሚገናኙበት ቀን ከሆነም መተላለፊያ ይጠፋል። እኛ ልናነሣ የፈለግነው ግን የእንግሊዝን ክለቦች ነገር አይደለም። ስለ እነርሱ የሚጽፈው ብዙ ነው። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ አምዳችን የሚያተኩረው ሴቶች እኅቶቻችን በሚጋጠሙበት የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነው፤ ምክንያቱንም አንባቢ ወደ ኋላ ያገኘዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ራባት ላይ ሞሮኮና ናይጄሪያ ለዋንጫ ተገናኙ። ውድድሩ የ2024 እ.ኤ.አ. ተብሎ ቢሰየምም የተካሄደው በ2025 ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አስተናጋጇ ሞሮኮ በ12ኛው ደቂቃ በአምበሏ በጊዝላን ሸባክ፣ በ24ኛው ደቂቃ ደግሞ በሳና ምሱዲ አማካይነት ሁለት ግብ አገባች። የገዛ ሜዳ፣ የገዛ ሕዝብ፣ የሁለት ግብ ብልጫ! ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ናይጄሪያውያን ግን ከእረፍት ሲመለሱ ሌላ ቡድን ሆነው ተመለሱ። ኤስተር ኦኮሮንኮ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰች፤ ፎላሻዴ ኢጃሚሉሲ አቻ አደረገች፤ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጄኒፈር ኤቼጊኒ ሦስተኛውን አገባች። ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንና የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማቱን ናይጄሪያ ወሰደች። ከዚያ በፊት በ2022 በተደረገው ውድድር ለአሸናፊው የተሰጠው 500 ሺህ ዶላር እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ነገሩ በምን ፍጥነት እያደገ እንደሆነ ይረዳል።

ወታደር ይህን ጨዋታ በወታደር ዓይን ቢመለከተው አይፈረድበትም። ሁለት ግብ የተቆጠረበት ቡድን ምሽጉ የተሰበረበት ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ጩኸትና መወነጃጀል ይነሣል፤ ወይም ደግሞ ቦታውን ለቆ የሚሮጥ ይበዛል። የናይጄሪያ ልጆች ከሁለቱ አንዱንም አላደረጉም። የመሐሉን ሜዳ ይዘው፣ ኳሷን በእርጋታ እያስተላለፉ፣ የባለሜዳዎቹን ጉልበት እስኪዳከም ጠበቁ። አምበላቸው ራሺዳት አጂባዴ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላ የተመረጠችውም በዚህ ውድድር ነው።

በካስተም ከአንዲት ቡና ቤት ደጃፍ ስለ ሴቶች ኳስ ወሬ ተነሥቶ ሳለ አንድ ወጣት ወታደር ቡና ወደምትቀዳው ባልቴት ዞር ብሎ «እትዬ፣ እነዚህ ልጆች እንዲህ ሲሮጡ ቤታቸው ማን ይጋግራል?» ሲል ቀለደ። ሴትዮዋ ጀበናዋን ሳታስቀምጥ «ልጄ፣ አንተስ በካምፕህ ማን ጋግሮልህ ነው የምትበላው?» ብላ መለሰችለት። የምግብ ቤቱ ተረኞች ሁሉ ጢማም ወንዶች መሆናቸውን ያጡት ያልነበሩ ጓደኞቹ በሳቅ አፈረሱት። እኛም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከሳቅ በላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ውድድር ከየት ተነሣ? የዓለም የሴቶች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በቻይና በተካሄደበት በ1991 አፍሪካ ወኪሏን ለመምረጥ በደርሶ መልስ የሚደረግ ማጣሪያ አዘጋጀች፤ ናይጄሪያም አሸንፋ ሄደች። በ1995ም እንዲሁ ሆነ። በአንድ አገር ተሰባስቦ መጋጠም የተጀመረው በ1998 በናይጄሪያ ነው። ናይጄሪያ በራባት ያነሣችው ዋንጫ አሥረኛዋ ነው ሲባል አቆጣጠሩ የሚጀምረው ከዚህ ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ዋንጫውን ከናይጄሪያ እጅ ለመንጠቅ የቻሉት ሁለት አገሮች ብቻ ናቸው፦ ኢኳቶሪያል ጊኒ በ2008 እና በ2012፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2022። የ2020ው ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዟል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ስም የት ነው? አለ። ሉሲ የሚል ስም የተሰጠው፣ በ1974 በአፋር ሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ መጠሪያውን የተዋሰው ብሔራዊ ቡድናችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መድረክ የቀረበው በ2002 በናይጄሪያ ሲሆን ከምድቡ ሳያልፍ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፣ በመስከረም 1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ከምድቧ ማለፍ ተስኗት ስትቀር፣ የእኛዎቹ ልጆች ከዚያው ምድብ አልፈው ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። እዚያ ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ገጥመው ያለ ግብ አቻ ከወጡ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተረቱና አራተኛ ሆኑ። ሜዳሊያውን ከእጃቸው ያወጣው የአንዲት ኳስ ነገር ነበር ማለት ነው።

አራተኛነት በእኛ ዘንድ ብዙ ሲወራለት አልሰማንም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከጎረቤቶቻችን ጋር እናስተያየው። ኡጋንዳ በ2000 እና በ2022፣ ታንዛኒያ በ2010 እና በራባቱ ውድድር፣ ኬንያ በ2016 ተካፍለዋል፤ አንዳቸውም ከምድብ አላለፉም። እስከ ራባቱ ፍልሚያ ድረስ ከምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የእግር ኳስ ምክር ቤት አባል አገሮች ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ቢኖር የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን ብቻ ነው። የወንዶቹን ቡድን ታሪክ እያነሣን በየአዳራሹ ስንኩራራ እነዚያን ልጆች ሳንጠራ ማለፋችን ተገቢ ነው ብለን አናምንም።

ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ለዚህ ውድድር የበቃው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እርሱም በ2012 ነው። ግብፅንና ታንዛኒያን በማጣሪያ ጥሎ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተጓዘ፤ ከምድብ ግን አላለፈም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ አሁንም የሚቆረቁር ነው። በማጣሪያው ኡጋንዳ ካምፓላ አቅራቢያ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ የእኛዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሁለቱንም ግብ መለሱ፤ ከዚያ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ወደቁ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ 1 ለ 1 ስትለያይ ጊዜው ደርሷል ያልን ብዙ ነበርን፤ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ስንሸነፍ ተስፋችን አበቃ። አንድ ጨዋታ በገዛ ሜዳ ተጋድሎ መያዝና ሁለቱንም መያዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ወታደር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ጁባ እንመለስ። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ሲሆን በዓመቱ የወንዶች ቡድኗ ከኡጋንዳ ጋር ጁባ ላይ 2 ለ 2 ተለያይቶ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታውን አደረገ። የሴቶቹ ቡድን እስኪወጣ ግን ከዚያ ሌላ ሰባት ዓመት ጠየቀ። የመጣበትም መንገድ የሚያስደነግጥ ነበር። ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. በዳሬሰላም በተከፈተው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና፣ በታሪካቸው የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታቸው፣ በታንዛኒያ 9 ለ 0 ተሸነፉ።

ዘጠኝ ለባዶ። ይህን ቁጥር እስቲ ቆም ብለን እናስበው። በወታደር ቤት አንድ ምልምል በመጀመሪያው ቀን ተኩስ ኢላማውን ሁሉ ቢስት ጠመንጃውን ተቀብለን ወደ ቤቱ እንሰድደዋለን? አንሰድደውም። እነዚያም ልጆች ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በአራተኛው ቀን ወደዚያው ሜዳ ወጥተው ዛንዚባርን 5 ለ 0 አሸነፉ። በአራት ቀን ውስጥ ከዘጠኝ ለባዶ ሽንፈት ወደ አምስት ለባዶ ድል! ሜዳ ውስጥ ሲመራቸው የነበረው ሰው አምበላቸው ኤሚ ላሱ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። በ2021 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከኬንያ ጋር ተደልድለው በሁለቱ ጨዋታዎች ድምር 15 ለ 1 ተረቱ። ያቺ አንዲት ግብ ግን በዚህ ውድድር ማጣሪያ ያገቧት የመጀመሪያዋ ናት። ጦርነት፣ ስደትና ጎርፍ እየተፈራረቁ ያደቀቁት አገር ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ያደጉት በኬንያና በኡጋንዳ ነው፤ ኳስ የተማሩትም እዚያው በስደት ሠፈር ወይም በጎረቤት አገር ትምህርት ቤት ነው። ይህ ሁሉ እያለ አገሪቱ የሴቶች ሊግ ጀመረች፤ ከሊጉም ዬይ ጆይንት ስታርስ የሚባል ክለብ ወጥቶ አገሩን ወክሎ በየዓመቱ በቀጠናው የክለቦች ማጣሪያ መሰለፍ ያዘ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ይኸው ክለብ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። የዚያ ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ የተካሄደው በእኛ አገር ስለ ሆነ ነው፤ ዋንጫውንም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች የኬንያን ፖሊስ ክለብ አሸንፈው ወሰዱት።

የንግድ ባንክ ልጆች ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ2021 የቀጠናው ፍጻሜ ላይ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2023 ፍጻሜ ደርሰው በፍጹም ቅጣት ምት ተረቱ። በ2024 ተሳካላቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱን በር ማንኳኳት ማለት ይህ ነው።

በ2023 ያሸነፋቸው ክለብ ማን መሰላችሁ? ጄ ኬ ቲ ኩዊንስ ነው፤ በታንዛኒያ መከላከያ ሠራዊት ሥር ያለው የብሔራዊ አገልግሎት ክፍል የሴቶች ቡድን! እዚህ ላይ የሠራዊቱ አባላት ጆሯችሁን እንድትሰጡን እንሻለን። የአፍሪካ የሴቶች ኳስ ከጦር ሠፈር ጋር ያለው ዝምድና ቀላል አይደለም። ሸባክን እናንሣ፤ በራባቱ ፍጻሜ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባችውን። አባቷ ላርቢ ሸባክ ለሞሮኮ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ሰው ነበር። እርሷ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተጫወተችውና ያመበለችው ለሞሮኮ የንጉሣዊ ጦር ኃይሎች ስፖርት ማኅበር ነው፤ ይኸውም በ1958 የተቋቋመ የሠራዊት ክለብ ነው። የዚህ ክለብ ሴቶች በ2022 ራባት ላይ ማሜሎዲ ሰንዳውንስን 4 ለ 0 አሸንፈው የአፍሪካ የሴቶች ክለቦች ሻምፒዮን ሆነዋል። በኬንያም የጦር ኃይሉ ክለብ ኡሊንዚ የሴቶች ቡድን አለው። በእኛም ቢሆን ለረጅም ጊዜ መከላከያ ተብሎ የሚታወቀው፣ ዛሬ መቻል የተባለው ክለባችን በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሴቶች ቡድን አሰልፎ ተጫውቷል።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ለአንዲት ተጫዋች የሚያስፈልጋት ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ መኝታ፣ ሐኪምና የታጠረ ሜዳ ነው። አራቱም ቀድመው የሚገኙት በጦር ሠፈር ነው። ከዱራሜ ተነሥታ በማልታ ለቢርኪርካራ፣ ኋላም በአሜሪካ ለዲሲ ፓወር እስከ መጫወት የደረሰችውን ሎዛ አበራን የመሰለ ልጅ አገራችን በየቀበሌው ሳይኖራት አይቀርም፤ የሚጎድለው ሜዳና ሰዓት ነው።

ታዲያ ነገሩን በቤተሰብ አምድ ላይ ያወጣነው ለምንድን ነው? በጦር ሠፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ያሉ ልጃገረዶችና ጥቂት ወጣት ባለትዳሮች የሠፈሩን ሜዳ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ እንዲለቀቅላቸው ጠይቀዋል። ጥያቄውን የደገፉ አሉ፤ የተቃወሙም አሉ። የተቃወሙት ጓዶቻችን ያቀረቡት ቃል ሲጠቃለል ሜዳው የወንዶቹን ቡድን አይበቃም፣ ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት አካሏ ይጎዳል፣ የቤት ሥራም ይበደላል የሚል ነው። ይህን ያሉት ክፉ አስበው አይደለም። አባት ስለ ልጁ ቢፈራ ያምርበታል።

ስለ ሜዳው የምንለው ብዙ የለም። ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የወንዶቹ ቡድን በጥበቃና በሥልጠና ላይ ስለሚሆን ሜዳው ባዶውን ይውላል። የመርሐ ግብር ሰሌዳውን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት አካሏ ይጎዳል የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች ወደ ግንባር ሲሄዱ ሴቶቹ የጥይትና የመድፍ ፋብሪካዎችን ሞሉ፤ በምሳ ሰዓታቸውም ኳስ ይጫወቱ ጀመር። ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ፣ የፕረስተኑ ዲክ ኬር ፋብሪካ ቡድን፣ በታኅሣሥ 1920 በሊቨርፑል ሲጫወት 53 ሺህ ያህል ተመልካች ተሰብስቦ ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይስማማም ብሎ ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጥይት ስታመርት ያልተጎዳች ሴት ኳስ ስትመታ ትጎዳለች ብሎ መፍረድ እንግዳ ነገር ነበር።

ይህን ስንል ጉዳት የለም ማለታችን አይደለም። አለ። በተለይ የጉልበት መሐል ጅማት መበጠስ ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶቹ ይልቅ ደጋግሞ የሚያጠቃ መሆኑን የስፖርት ሐኪሞች ይመሰክራሉ። መድኃኒቱ ግን ልጅቷን ቤት መዝጋት ሳይሆን ከጨዋታ በፊት በሚገባ ማሟሟቅ ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የማሟሟቂያ ሥርዓት አለ፦ በዝግታ መሮጥ፣ የሆድ፣ የወገብና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘልሎ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ ማረፍ፣ በመጨረሻም በፍጥነት እየሮጡ አቅጣጫ መቀየር። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 1,892 ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ሲታተም የጉዳቱን ቁጥር በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የአካል ማጎልመሻ አሠልጣኞቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያሳዩአቸው ልጆቹ ራሳቸው ይይዙታል።

እናቶች ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ። የወር አበባዋ የጀመረ፣ ደግሞም የምትሮጥ ልጅ ደሟ እንዳያንስ ብረት ያለው ምግብ ያስፈልጋታል። ይህም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ነው። ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢጨመርበት ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስደዋል። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር ከተጠጣ ይህንኑ ብረት ይከለክላል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆይቶ መጠጣት ይበጃል። ልጅቷ ሲያዞራት፣ ፊቷ ሲገረጣ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት «ኳሱ ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት ወደ ሠፈሩ ክሊኒክ ወስዶ ደሟን ማስመርመር ይሻላል።

ስለ ቤት ሥራው ምን እንበል? እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አንፈልግም፤ ዋናው ጥያቄ ይህ ነውና። የወታደር ሚስት ሸክም ምን እንደሆነ የዚህ አምድ አንባቢ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ባል ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ተልእኮ ሲወጣ ውኃ መቅዳቱ፣ ወፍጮ ቤት መሄዱ፣ የታመመ ልጅ ይዞ ማደሩ ሁሉ በአንዲት ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የበኩር ሴት ልጇ ግማሽ እናት ሆና ታግዛታለች። ልጅቷ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሜዳ ብትውል የሚጎድለው አራት ሰዓት ነው፤ ይህም አራት ሰዓት ከእናትየው ጉልበት የሚቆረጥ ከሆነ ለእናትየው ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን መመለስ ያለበት የቤቱ ወንድ ነው። ወንድ ልጅ ካለ እርሱም ውኃ መቅዳት ይችላል። አባት በሠፈር ካለ ጀሪካን ማንሣት ማዕረጉን አይቀንስበትም። በካምፕ ውስጥ ምግብ አብስለን፣ ልብሳችንን አጥበን፣ ቁልፋችንን ራሳችን ተክለን የምንኖር ሰዎች ከቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ይህ ሁሉ ሙያ የሚጠፋብን በምን ተአምር ነው? የካስተሟ ሴትዮ የጠየቀችውም ይህንኑ ነበር።

አንድ አሥር አለቃ በጉዳዩ ላይ ስንወያይ የ14 ዓመት ልጁን አልፈቅድላትም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ ባለቤቱ «አንተ ሰው፣ ለመሆኑ አንድ ቀን ስትጫወት አይተሃታል?» ብትለው ዝም አለ። አላያትም ነበር፤ ያለፈውን ዓመት የቆየው በተልእኮ ላይ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሜዳ ዳር ቆሞ አየነው። ስለ ፈቃዱ እስካሁን ምንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

የሠፈሩ አዛዥ ክፍል ሜዳውን ለሁለት ወር ለሙከራ ፈቅዷል። እስከዚህ ሳምንት የተመዘገቡት 17 ናቸው፤ ከእነርሱ ሦስቱ ባለትዳሮች ሲሆኑ አንዷ የሚጠባ ልጅ ስላላት በልምምድ ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝ ተራ ወጥቷል። የማሟሟቂያውን ሥርዓት የአካል ማጎልመሻ ክፍሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ማሳየት ይጀምራል። ኳስ ሦስት ተገኝቷል። ጫማ ለሁሉም አልደረሰም፤ ልጆቹ በያዙት ሸራ ጫማ ይጀምራሉ። የግብ ጠባቂ ጓንት ግን ከቶ አልተገኘም፤ አሮጌም ቢሆን ያለው ጓድ ለዝግጅት ክፍላችን ቢያደርስልን ለልጆቹ እናስረክባለን።